ኮልፌ ሄጄ እጄን ታጥቤ መጣሁ

ከአዲስ አበባ የተመለስኩ ዕለት የደጀን ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጡና «እስቲ ንገሪን፣ ምን አየሽ?» አሉኝ። እኔም ስለ አሳላፊዎች አወራሁላቸው። ሻይ ሲያቀርቡ እንዴት ጎንበስ እንደሚሉ፣ በላተኛው እንዴት አጨብጭቦ እንደሚጠራቸው፣ እነሱም «አቤት!» ብለው እንዴት ከተፍ እንደሚሉ። «ዓባይን ተሻግረሽ ሄደሽ ያየሽው አሳላፊ ብቻ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሳቃቸው ደስ አለኝ። የሚስቅ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም።

አሁን ያ ዘመን አልፏል። የልጄን ስም ጮክ ብዬ ብጠራ የሚሰማኝን አልፈራም። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ያን ጊዜ የዋጥኩትን ልጻፈው።

ሙሉቀን የበኩር ልጄ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ ከቤት ጠፋ። ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ሲቃረብ ወሬ አልነበረም። ከዚያ አንድ የጤፍ ነጋዴ ገበያ ላይ ሚዛኑን እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ «ኮልፌ ነው» አለኝ። «ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ከፍ ብሎ የብርቄ ምግብ ቤት የሚባል አለ። እዚያ እጅ ያስታጥባል፣ ምግብ ያቀርባል። ስሙን ግን ለውጧል። ከሄድሽ እንደ ማንም በላተኛ ተቀምጠሽ በልተሽ ውጪ። ልጄ ብለሽ ከጮኽሽ እሱም ተያዘ፣ የሴትየዋም ቤት ታሸገ።»

አባቱ ቢሄድ ዓይን ይከተለዋል። ሴት ለስለት ሄደች ቢባል ግን ማን ልብ ይላል? ቀበሌ ሄጄ «ለቀራንዮ መድኃኔዓለም ስለት አለብኝ» ብዬ የይለፍ ወረቀት ለመንኩ። ስለቱ ውሸት አይደለም፤ ወደ ቀበሌው ስሄድ መንገድ ላይ ተስዬ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ሲነሳ ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ወደ ዓባይ ስንወርድ በመስኮት የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ነጭ ብቻ። ከዳመና ውስጥ አንድ ዛፍ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ዝንጀሮ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ሙሉቀን ከጎኔ የተቀመጠ መስሎኝ ነጠላዬን ላካፍለው እጄን ስዘረጋ የሰው የዶሮ ቅርጫት ነካሁ።

ድልድዩ ጋ ኬላ አለ። ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ወረቀቴን ሲያይ የበረደኝ መስዬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። «ወዴት ነው እናቴ?» አለኝ። «ለስለት» አልኩት። ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። በሁለት እጅ መስጠት ከቤት የሚወጣ አስተዳደግ ነው። የማን ልጅ ይሆን እያልኩ ያን ሁሉ ዳገት ወጣሁት።

ዳገቱን ጨርሰን ብዙም ሳንሄድ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ገፋን። ስንገፋ አንድ እግር ኮንጎ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። ረዳቱ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ አወጣው፣ በውሃ አለቀለቀውና፣ «እመቤቴ፣ ጫማዎን ለዓባይ ገብረውት ነበር፤ አልቀበልም ብሎ መለሰው» አለኝ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልጄ ከጠፋ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

በዚህ ምክንያት መሸብንና ፍቼ አደርን። ያደርኩበትን ቤት ቤርጎ ይሉታል። በኛ አገር መንገደኛ ሲመጣ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፤ እዚህ «አልጋ አለ» ተብሎ በር ላይ ተጽፏል። ባለቤቷ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ሒሳቡን አስቀድማ ተቀበለችና አልጋ አሳየችኝ። እኔ ግን በሰው ቤት አድሬ እጄን አጣጥፌ መውጣት ከየት ልመድ? ጠዋት ተነስቼ መጥረጊያ ፈለግሁና ግቢዋን መጥረግ ጀመርኩ።

«ኧረ ሴትዮ! ምን ሆነሽ ነው የምትጠርጊው? ከፍለሽ አይደለም እንዴ ያደርሽው?»

«ብከፍልስ? የሰው ቤት ነው።»

«ሌላው አንሶላ ይዞብኝ ይሄዳል፣ አንቺ ግቢ ትጠርጊያለሽ» አለችና መጥረጊያውን ቀማችኝ። ወደ ጓዳ ገብታ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ አመጣች። «ይኼ የቤርጎው አይደለም፤ የቤቴ ነው» አለችኝ። ለካ አንዲት ሴት ሁለት ቤት ሊኖራት ይችላል፤ አንዱ የሚከፈልበት፣ አንዱ የማይከፈልበት።

ሁለተኛው ቀን

አዲስ አበባ ስንደርስ ያካፋ ነበር። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ድምፅ፣ ሰዉ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እንደኔ ቆሞ የሚያይ አልነበረም። አውቶቡስ ተራ ወርጄ «ኮልፌ» እያልኩ ጠየቅሁና አንዲት ትንሽ ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። ውይይት ይሏታል። ተሳፋሪው በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ የሚወያይ ሰው አላየሁባትም። ሁሉም የየራሱን ጉልበት ያያል። የሚናገረው ረዳቱ ብቻ ነው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ እናቶች፤ አብረን ካልተጠጋጋን ዝናቡ ነው የሚጠጋን!»

ተሳስቼ ነው የተሳፈርኩት። የወረድኩት ጦር ኃይሎች ነው። ቀና ስል በቀኝም በግራም መለዮ ለባሽ። ወታደር ከወታደር ጋር ይስቃል፣ ወታደር ሙዝ ይገዛል፣ ወታደር በክራንች ይሄዳል። ልጅ የደበቀች እናት ሄዳ ሄዳ የት ትወርዳለች? የሚቀርበኝ በር ሻይ ቤት ነበርና ገባሁ።

እዚያ ነው የተዋረድኩት። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሰው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የሚገባውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህ ከእናቴ ወተት ጋር የጠጣሁት ነው፤ ሳላስበው ይመጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ገባ፤ ተነሳሁ፤ «ኖር!» ዝም ብሎኝ አለፈ። ሁለት ተማሪዎች ገቡ፤ «ኖር!» ተያይተው ሳቁ። ዕቃ የተሸከመ ገባ፤ ኖር። ጋዜጣ የያዘ ገባ፤ ኖር። የሚያስቀምጠኝ ስላጣሁ ግማሽ ተነስቼ ግማሽ ተቀምጬ ቀረሁ።

አሳላፊው ነጭ ኮት የለበሰ ሸበቶ ሰው ነው፤ በዕድሜ አባቴ ባይሆን ታላቅ ወንድሜ ይሆናል። ሻዩን ሲያመጣልኝ ለሱም ተነሳሁ። ሽበታም ሰው ቆሞ ሲያቀርብልኝ እንዴት ተቀምጬ እቀበላለሁ?

«ይቀመጡ እትዬ፣ በሞቴ» አለኝ ሻዩን እያስቀመጠ። «እዚህ በር የሚገባው ብዙ ነው። ለሁሉም ከተነሱ ከኔ በላይ የሚደክሙት እርስዎ ነዎት። እኔስ ይከፈለኛል።»

«ታዲያ ሰው ሲገባ ዝም ይባላል?»

«እዚህ ኖር የምንለው እኛ አሳላፊዎቹ ነን። ‹ምን ልታዘዝ› ስንል ያው ኖር ማለታችን ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! አንድ ጊዜ ይበሉልኝ እስቲ» አለና ወደ ደጅ ወጥቶ እንደ እንግዳ ተመልሶ ገባ።

«ኖር!» አልኩት።

«በእግዜር! በእግዜር እህቴ!» አለ። ዓይኑ እርጥብ ሆኖ ነበር፣ ወይም የሻዩ እንፋሎት ይሆናል።

ማን ዘንድ እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ሰው መጠየቅ ነውር የሆነበት ጊዜ ነበር፤ የማይጠይቅ ሰው ነበር ጨዋ የሚባለው። የምወርድበትን ሰፈር ብቻ ነገርኩት፤ ዝናቡ ሲያባራ እስከ ታክሲው ሸኘኝና ረዳቱን፣ «እቺን እህቴን እንደ እንቁላል ይዘህ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አውርድልኝ» አለው። የመጣሁበት ውይይት ሰው ሁሉ ዝም ያለበት ነበር። በዚህኛው ረዳቱ በየፌርማታው «እንቁላሌ ደህና ነሽ?» ይለኝ ነበር።

ሲመሽ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደረስኩ። ለስለትና ለጠበል የመጣ ሁሉ ከሚያድርበት ዳስ ጥግ ሰጡኝ። ምን ስትሆኚ ነው የመጣሽው ያለኝ የለም።

ሦስተኛው ቀን

የብርቄ ምግብ ቤት በሩ አረንጓዴ ነው፤ ግማሹ ቆርቆሮ። ምሳ ሳይደርስ ሄድኩ። ብርቄ ራሷ በር ላይ ቆማለች፤ ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ ኮልፌን አገሯ ያደረገች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት። «ግቡ፣ ግቡ በሞቴ፣ ቤት ያፈራው አይጠፋም» ስትል ቆየችና እኔን ስታይ ቃሏ ተቋረጠ። ሙሉቀን አፍንጫው የኔ ነው። ትከሻዬን ይዛ ወደ ውስጠኛው ጥግ ወሰደችኝና፣ «ከሩቅ ነው የመጡት መሰለኝ። እዚህ ይረፉ። ምሳው ሲደርስ ያቀርብልዎታል» አለች። ማን እንደሚያቀርብልኝ አላለችም።

ከጓዳው የሳህን ድምፅ ይመጣል። አንድ ሰው ይስላል። ሳሉ የሱ ነው? አይደለም? ከጓዳው መጋረጃ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

እንደዚያ ስጠብቅ በሩ ጨለመ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ እንዳነገቱ ገቡ። የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ። እኔ ግን ልቤ መጋረጃው ላይ ነበርና ሰው መግባቱን እንጂ የገባውን አላየሁም። ብድግ ብዬ፣

«ኖር!»

ስል ነው ያየኋቸው። ድምፄ ባዶ ቤት ውስጥ እንደወደቀ ሳህን ጮኸ። ብርቄ አፏን ያዘች።

ፊተኛው ጥቁር፣ ረጅም፣ ገና ጢሙ ያልጠና ጎረምሳ ነው። «በእግዜር! በእግዜር እናቴ፣ ይቀመጡ!» አለ ሳያስበው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ጓደኛው ሳቀበት። «ጓድ፣ እግዜርን ጠራህ እኮ! በውይይት ክበብ ምን ልትል ነው?»

«ምን ላድርግ? ሴትዮዋ ቆመው ይቅሩ? እናቴ ብትሰማ በዱላ ነው የምትለኝ።»

ቤቱ ትንሽ ተነፈሰ። ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ከዚያ ረጅሙ አጨበጨበ።

«አቤት!»

ድምፁ! መጋረጃው ተገለጠና ልጄ ጆግ በቀኙ፣ መታጠቢያ ሳህን በግራው ይዞ፣ ፎጣ ክንዱ ላይ ጥሎ ወጣ። ከስቷል። ጢም አውጥቷል። እኔን አየ። ያየኝ በግ ጅብ ሲያይ እንደሚቆመው ቆሞ ነው፤ ለአንድ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

ረጅሙ ጥበቃ ትክ ብሎ አየው። «ይኼ ልጅ አዲስ ነው?»

«የወንድሜ ልጅ ነው፣ ጓድ» አለች ብርቄ ዳቦ እየቆረሰች። «ሥራ ይልመድ ብዬ ነው።»

«ስምህ ማነው?»

«ተስፋዬ» አለ ልጄ።

ተስፋዬ። እኔ ያላወጣሁለት ስም። ውሃውን ይዞ ወደ ጥበቃው ቀረበ። ጥበቃው ግን እጁን ሰበሰበ። «ምን ዓይነት አሳላፊ ነህ አንተ? አዛውንት ተቀምጠው እኔን ታስታጥባለህ? እናቴን አስቀድም!»

እንዲህ ሆነ። ልጄን ይይዝብኛል ብዬ የፈራሁት ሰው እናትህን አስታጥብ ብሎ አዘዘልኝ።

ሙሉቀን ጎንበስ አለ። እጄን ዘረጋሁ። ሳህኑን ከፊቴ አሳርፎ ቁራሽ ሳሙና በእጄ ላይ አኖረ፤ ጣቱ መዳፌን ነካ። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ በላተኛ የሚታጠበው በባዶ ውሃ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነበር። በዝግታ ታጠብኩ። ሁሉም ነገር ሩቅ ሆነ፤ ዝናቡ ጣሪያው ላይ፣ የሰው ወሬ፣ ሁሉም ከዓባይ ጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ። ልጅ እያለ እሱን እንዲህ አጥበው ነበር። ውሃው መቆም ሲገባው አልቆመም፤ እሱም ረስቷል፣ እኔም ረስቻለሁ። ሳህኑ ሞልቶ የጥበቃው ጫማ ላይ ፈሰሰ።

ልጄ ደነገጠ። «ይቅርታ ጓድ!»

«ውሃ ነው፣ ደም አይደለም። ይደርቃል» አለ ጥበቃው።

ውሃ ያፈሰሰለትን ልጅ ሳይመርቅ እጁን የሚያደርቅ ሽማግሌ በኛ አገር የለም። ማንም እንግዳ እናት የምታደርገው ነው፤ ማንም አይጠረጥራትም። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«እደግ ልጄ። ውሃ እንዳፈሰስክልኝ በረከት ይፍሰስልህ። ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። የሄድክበት መንገድ ይመልስህ። ለእናትህ ያብቃህ።»

«አሜን» አለ ልጄ፤ ድምፁ ከሳህኑ ሥር የመጣ ይመስላል። ብርቄ «አሜን» አለች። ጥበቃውም ወደ ጓደኛው ሳያይ «አሜን» አለ።

ምሳዬ ቀረበ። ሽሮ ነበር፤ አልወረደልኝም። ልጄ መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። «እማማ አልበሉም እኮ። ይጨመርልዎ?»

«ጠገብኩ፣ የኔ ጌታ። ምግባችሁ ይጣፍጣል። ቤታችሁ ደህና ይሁን። እኔም ቤቴ ደህና ነው፤ አባወራዬ ደህና ነው፣ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ትምህርት ጀመረች። ቀይዋ ላም ወለደች።»

የገጠር ሴት ለአሳላፊ የቤቷን ደህንነት ብትዘረዝር ማን ይገርመዋል? ከወዲያ ጠረጴዛ አንዱ ፈገግ አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ» አለ ሙሉቀን። «እኛም እዚህ ደህና ነን። እትዬ ብርቄ እንደ እናት ናት። የምንተኛበት አይበርድም። አያስቡ።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። ልጄ ለጥበቃዎቹ ውሃ ሊያፈስ ሄደ። ረጅሙ እጁን እየታጠበ ወደኔ ዞረ። «እኔንስ አይመርቁኝም? ወይስ ጠመንጃ የያዘ አይመረቅም?»

«አገርህ የት ነው ልጄ?»

«መንዝ።»

«እናትህ አለች?»

«አለች መሰለኝ» አለ።

መሰለኝ። ያን ቃል ስሰማ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። «አንተንም ለእናትህ ያብቃህ» አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ምግባቸው ሲቀርብ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝና መብላት ጀመረ።

አራተኛው ቀን

ስለቴን አስገባሁ። ጧፍ ነው የተሳልኩት፤ ከደጀን ተሸክሜው የመጣሁት ጭቃው ላይ ተሰብሮ ነበርና አጣብቄ ሰጠሁ። ካህኑ ተሰብሮም ይበራል አሉኝ።

ከዚያ ቁርስ ልበላ ብዬ ወደ ብርቄ ቤት ተመለስኩ። ሻይ ያመጣችልኝ አንዲት ልጅ ናት። ብርቄ አጠገቤ መጥታ ጠረጴዛ የምትወለውል መስላ ጎንበስ አለች።

«የወንድሜን ልጅ ሌላ ዘመድ ዘንድ ላክሁት» አለችኝ። «ያ ሰውዬ ደግ ነው። ግን ሲበላ ደጋግሞ አየው፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እርስዎን። ደግ ሰው አለቃው ሲጠይቀው ምን እንደሚል አይታወቅም።»

እኔ ነኝ ያባረርኩት ማለት ነው? በአፍንጫዬ? ፊቴን አይታ እጄን ያዘችኝ። «አይዞዎት። እየበላ ነው የሄደው፣ እየሳቀ። ‹ኖር!› እያለ ጓዳ ውስጥ ሲያስቀን ነው ያመሸው። ‹ይህን ለእናቴ ስጪልኝ፣ አባቴም ይታጠብበት› ብሏል።»

በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ያ የትናንቱ ቁራሽ ሳሙና ነበር።

ሒሳብ ብላት እንቢ አለች። መጥረጊያ ፈለግሁ፤ ደጇን ጠርጌ ወጣሁ። ብርቄ እንደ ፍቼዋ ሴት አልቀማችኝም። ገብቷታል።

መመለሻ

የተመለስኩበት መንገድ የሄድኩበት ነው፤ ጭጋጉ ግን አልነበረም። ዓባይ እስከ ታች ታየኝ። ያ ሁሉ ገደል ነበር ለካ ተኝቼ ያለፍኩት። ሳሙናውን ደረቴ ውስጥ ይዤ ነበር። እጄን በየመንገዱ አልታጠብኩም፤ ዳቦ ስቆርስ እንኳ በነጠላዬ ጫፍ ነው የያዝኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጋሻው ምድጃ ዳር ተቀምጧል። ጎረቤት ስለነበረ ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ስለ አሳላፊዎች አወራሁ፣ ሳቁ፣ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ዓይኑን ብቻ አነሳ።

ውሃ አሙቄ በጣሳ ቀዳሁ፤ ገበቴ ከፊቱ አስቀመጥኩ፤ ሳሙናውን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አገላብጦ አየው። መሐሉ በልጁ አውራ ጣት ተቦርቡሯል። አሸተተው።

«እጄን አስታጠበኝ» አልኩት። «ደህና ነው። ይህን ለአባቴ ብሏል።»

እጁን ዘረጋ። አፈሰስኩለት። በዝግታ ታጠበ፤ ውሃው እስኪያልቅ፣ ጣሳው ባዶ እስኪሆን። ከዚያ እጁ እየተንጠባጠበ ወደ ጣሳው ሳይሆን፣ ወደኔም ሳይሆን፣ ጣሳውን ይዞ መቆም ወደነበረበት ልጅ አየ።

«እደግ ልጄ» አለ። «በሰላም ያግባህ።»

እኔ በልጄ ፈንታ «አሜን» አልኩ።